የኮከብ ነፋስና «እንጃ» የማይባልበት ቤት

በዚህ ነገር ውስጥ አምስት ሰዎች አለን። አንዱን ከሌላው እንዳታምታቱ በየተራ ልንገራችሁ። ስም ግን አልጠራም። ስም መጥራት ለመካሰስ ያመቻል፣ እኔ ደግሞ ልከሰው የምፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ልጄ። አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ተወልዳ እዚያው አጠገብ አውሮራ ያደገች፣ የሰማይን ነገር በሒሳብ ስትመረምር የነበረች። ቀጥሎ እናቷ፣ ባለቤቴ። ሆስፒታል ውስጥ ለታማሚዎች ምግብ ታከፋፍላለች፤ የምትናገረው ጥቂት ነው፣ የተናገረችውን ግን አትደግመውም። ከዚያ የልጄ የክርስትና እናት፣ አበልጃችን። መሃል ከተማ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እጃቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። አራተኛዋ የልጄ አስተማሪ፣ አሜሪካዊት ናት። በሕይወቴ እጇን የጨበጥኩት ሁለት ጊዜ ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ። ኮሜርስ ሲቲ በሚገኝ መጋዘን ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ እነዳለሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ይህን በኩራት ስናገር ኖሬያለሁ፣ ዛሬም አላፍርበትም። ራሱን ያስተማረ ሰው ግን አንድ ጉድለት አለበት። «ተሳስተሃል» የሚለው መምህር አልነበረውም።

ከአገር እንደመጣሁ የተከራየሁት ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ነበር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ ሦስት ሆነን አንድ ክፍል። ሥራዬ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ማጠብ ነበር። ከእንግሊዝኛ ሁሉ አፌ ላይ የነበረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «አይ ዶንት ኖው»፣ አላውቅም ማለት። ትልቁ ድስት የት ሄደ? አይ ዶንት ኖው። ነገ ትገባለህ? አይ ዶንት ኖው። እንደምገባ ግን አውቃለሁ፤ አለመግባባትን ስለምፈራ ብቻ ነው እንዲያ የምለው። አብሳዮቹ ስሜን ትተው «ሚስተር አይዶንትኖው» ይሉኝ ጀመር። አንድ ቀን አለቃችን አዲስ ሠራተኛ ይዞ መጣና በዚያው ስም አስተዋወቀኝ። ሊቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደም። እውነተኛ ስሜ መስሎታል።

የዚያን ቀን ማልኩ። ያቺ ቃል ከእኔ አፍም፣ ወደፊት ከሚወለደው ልጄም አፍ አትወጣም አልኩ።

በዕረፍት ቀኔ በእግሬ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመርኩ። ከልጆች መጻሕፍት ክፍል ሥዕል ያለበት ፈልጌ ያገኘሁት ስለ ፕላኔቶች የተጻፈ ነበር። ጁፒተር ያን የሚያህል ግዙፍ ሆኖ በአሥር ሰዓት ውስጥ በራሱ ላይ አንድ ጊዜ እንደሚዞር ያነበብኩት እዚያ ነው፣ ጣቴን ከቃል ወደ ቃል እያስኬድኩ። ትንሿ ምድራችን ሃያ አራት ሰዓት ትፈጃለች፣ ያ ግዙፍ በአሥር ሰዓት! ይህን ለሚሰማም ለማይሰማም ስናገር ከረምኩ። ልጄ ስትወለድ በመጀመሪያ የነገርኳት ተረት ይኸው ነው። ለዚህም ነው ኋላ የሰማይን ትምህርት ስትመርጥ ማንም ያልተደነቀው።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ።

ሰባት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ነው፣ ትምህርት ቤት ልንሄድ ነው፣ አንድ እግር ጫማ አድርጋለች፣ ሌላው የለም።

«ሌላኛው የት አለ?» አልኳት።

ትከሻዋን ሰበቀችና «እንጃ» አለች።

አገራችን ልጅ ለአባቱ «እንጃ» ሲል ንቀት ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ ከንቀትም በላይ ነበር። በር ላይ አቆምኳት። «በዚህ ቤት እንጃ የሚባል መልስ የለም። እንጃ የሰነፍ መልስ ነው። አስቢና መልሺ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ዋጠችው። አገጯን ወደ ላይ አነሣች፣ ፊቷ እንደ ትልቅ ሰው ፊት ሆነ፣ «መኪናው ውስጥ ነው» አለች።

መኪናው ውስጥ አልነበረም። እናቷ ከሶፋው ሥር ጎትታ አወጣችው። እኔ ግን የልጄን ራስ ዳሰስኩና «ጎበዝ! ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ቀና ብሎ ነው የሚመልሰው» አልኳት።

«መኪናው ውስጥ አልነበረም እኮ» አለች ባለቤቴ፣ ጫማውን እንደያዘች።

«ቢሆንም መልሳለች።»

«ውሸት ነው ያስተማርካት።»

አንድ ጊዜ አለችው። እንዳልኳችሁ፣ አትደግምም።

ከዚያ በኋላ ልጄ «እንጃ» ብላኝ አታውቅም። ያልገባት ነገር ሲመጣ አገጯን ታነሣና ትመልሳለች። ብዙ ጊዜ ልክ ትሆናለች፣ ጎበዝ ልጅ ናትና። ልክ ባልሆነች ጊዜ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ እንዲያ ቀና ብሎ የሚናገርን ሰው ማን ይጠረጥራል? እኔ ግን አገጩን አውቀዋለሁ። ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለማስተርስ የያዘችው ጥናት የኮከብ ነፋስ የግዙፍ ፕላኔቶችን መሽከርከር ምን ያደርገዋል የሚል ነበር። ምን ማለት እንደሆነ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አውሮራ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ለአበልጃችን ስታስረዳ ሰማሁ። ከመጋዘኑ ቢሮ የተጣለ፣ እኔ ብሎኑን ያጠበቅኩለት ባለ ጎማ ወንበር አለን። እሱን ጎትታ መሃል ሳሎን አቆመችው።

«እቴቴ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

«ምን ልታደርጊኝ ነው?» አሉ አበልጃችን።

«ፕላኔት ላደርግሽ ነው።»

«ፕላኔት ሥራ ይገባል?»

«ኖ፣ ዝም ብሎ ይዞራል።»

«እንግዲያው ልሁን» ብለው ተቀመጡ። «ጡረታ ነዋ!»

ልጄ ነጠላቸውን ግራና ቀኝ አስዘረጋቻቸው። «ይሄ ማግኔቱ ነው» አለች። ግዙፍ ፕላኔት በዙሪያው የማግኔት ጉልበት እንደ ነጠላ ዘርግቶ ይዞራል። ኮከብ ደግሞ የሚረጨው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ላይ እየተቦጨቀ የሚወጣ፣ ዓይን የማያየው፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ ብናኝም ያለማቋረጥ ይረጫል። ነፋስ የሚሉት እሱን ነው። ከእኛ ፀሐይም ይወጣል። አንዳንድ ኮከቦች ዘንድ ግዙፎቹ ፕላኔቶች ከኮከባቸው አጠገብ ተጠግተው ነው የሚኖሩት፤ እዚያ ነፋሱ ብርቱ ነው። ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ ያ ነፋስ የተዘረጋውን ማግኔት እየገፋ የፕላኔቱን መሽከርከር ያዘገየዋል ወይ?

የፀጉር ማድረቂያውን ሰካችና ወንበሩን በኃይል አሽከረከረችው። ነፋሱን ነጠላው ላይ ለቀቀችባቸው።

«ይሰማሻል እቴቴ?»

«ፀጉሬን አደረቅሽው እንጂ እኔ እንደሁ አሁንም እዞራለሁ! ኧረ ራሴን አዞረኝ! ያዙኝ! አንተ አበልጄ፣ ቆመህ ትስቃለህ?»

ባለቤቴ ከማእድ ቤት ሮጣ መጥታ እጅጌያቸውን ያዘች። ወንበሩ ወዲያው ቀጥ አለ፣ የአበልጃችን ፊት ከባለቤቴ ፊት ጋር ገጥሞ።

«ተመስገን» አሉ አበልጃችን። «አንቺ ባትኖሪ ልጅሽ ወደ ሰማይ ሰዳኝ ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። ልጄም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። የፀጉር ማድረቂያው በእጇ እየጮኸ የእናቷን እጅና የአበልጃችንን እጅጌ ትኩር ብላ ስታይ አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ዝም ብያት ቢሆን ኖሮ!

ዝም አላልኩም። «ታዲያ ነፋሱ ያዘገየዋል ወይስ አያዘገየውም?» አልኳት።

«ዌል፣ ኢት ዲፔንድስ... እንደ ሁኔታው ነው...»

«ዲፔንድስ መልስ አይደለም።»

«አባዬ፣ ገና ሁሉንም ቼክ አላደረግኩም...»

«ሁለት ዓመት ሠርተሽበት? አዎ ነው፣ አይደለም?»

«ልጅቷን ፖሊስ ጣቢያ አስገባሃት እኮ» አሉ አበልጃችን ነጠላቸውን እየሰበሰቡ።

ልጄ የፀጉር ማድረቂያውን አጠፋች። አገጯ ተነሣ። «አዎ። ያዘገየዋል» አለች።

«ተባረኪ» አልኩ።

ለጥናቷ መጨረሻ በሰው ፊት ማቅረብና ጥያቄ መመለስ ነበረባት። አስተማሪዋ ያ ቀን በደህና ካለፈ ለዶክትሬት እንደምትይዛት ነግራታለች፤ የአምስት ዓመት ቦታ ነው። ልጄ ከዚያ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። ለሌላ ትምህርት ቤት እንኳ አላመለከተችም። በዚያ ቀን ላይ የተንጠለጠለው ይህ ነበር፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከቀኑ በፊት አንድ ነገር ለመነችኝ። «አባዬ፣ ከኋላ ተቀመጡ እሺ? ፊት ለፊት ካየሁህ ይጨንቀኛል።» እሺ አልኳት። ሲደርስ ግን ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ባለቤቴንና አበልጃችንን አስከትዬ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ የምትናገር አባት ከኋላ እንደ እንግዳ አይቀመጥም ብዬ ነው። አስተማሪዋ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው።

ልጄ በደንብ ተናገረች። በኮምፒውተር ኮከብና ፕላኔት ሠርታ፣ ፕላኔቱን እያቀረበች እያራቀች ሞክራለች። ወደ ኮከቡ በቀረበ ቁጥር ነፋሱ ይበረታል፤ በቀረበ ቁጥር መሽከርከሩ ይዘገያል። ስለዚህ ያዘገየው ነፋሱ ነው አለች። ግድግዳው ላይ የነበረው መስመር ወደ ታች ሲወርድ አየሁ፤ ቀጥ ያለ፣ የማያወላውል መስመር። ደስ አለኝ።

ከዚያ አስተማሪዋ ጠየቀች። ድምጿ ክፉ አልነበረም፤ እንደ ማስታወስ ያህል ነው። «ፕላኔቱ ሲቀርብ የሚበረታው ነፋሱ ብቻ አይደለም፤ የኮከቡ ስበትም ይበረታል። ስበቱ ራሱ ፕላኔቱን እየጎተተ ያዘገየዋል። የስበቱን ጉተታ አጥፍተሽ፣ ነፋሱን ብቻውን አስልተሽዋል?»

ልጄ አስተማሪዋን አላየቻትም። እኔን አየችኝ፤ ከፊቷ ተደቅኜ ነበርና።

አገጯ ተነሣ።

«አዎ፣ አስልቼዋለሁ» አለች። «ውጤቱ አንድ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ከእሷ ሌላ እንዳላሰላችው ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጫማው ሶፋው ሥር እንዳለ ያህል አወቅኩት። ሲያልቅ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበውም ያው ሰው ነው።

ወደ አውሮራ ስንመለስ ባለቤቴ ከጎኔ ሆና በስልክ ለእህቷ ትነግራለች። ልጄ ከኋላ መስኮቱን ታያለች። «እኔ እንግሊዝኛው አልገባኝም» አሉ አጠገቧ ያሉት አበልጃችን፣ «ግን ቀና ስትዪ እኔንም አስፈራሽኝ። አስተማሪሽ ምን ብላሽ ነው?» ልጄ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሣችም።

ቤት ደርሰን መኪናውን ፓርክ ሳደርግ ሁለቱ ሴቶች ወረዱ፤ ልጄ ቀረች።

«አባዬ፣ አልሠራሁትም።»

«ምኑን?»

«ያለችውን። ስበቱን አጥፍቼ አልሞከርኩም። ዝም ብዬ ነው አዎ ያልኩት።»

የመኪናውን ቁልፍ ነቀልኩ።

«ነገ ጠዋት ሄጄ ልንገራት» አለች። «ቶሎ ብነግራት ይሻላል አይደል?»

እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ፣ አለበለዚያ ይህን ሁሉ ለምን እጽፋለሁ። ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትዋሺ፣ አትስረቂ፣ ያበላሸሽውን ራስሽ ተናገሪ እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ስለ ሐቀኝነት ያልሰበክሁበት እራት የለም። በዚያች ሰዓት ግን ያሰብኩት ስለ እሷ አልነበረም፤ ስላጨበጨብኩት ጭብጨባ ነበር። «ነገ አትሂጂ» አልኳት። «መጀመሪያ ሥሪው። አንድ ሆኖ ከተገኘ ውሸት አልሆነም ማለት ነው።»

ልጄ አየችኝ።  ታዘዘች። በጣም ታዛዥ አድርጌ ነበር ያሳደግኳት።

ሦስት ቀን ፈጀባት። በሁለተኛው ቀን አስተማሪዋ ኢሜይል ላከችላት፤ ያሰላሽውን ፋይል ላኪልኝ፣ ለሌላ ሥራ ያስፈልገኛል የሚል። «ምን ልበላት?» አለችኝ። «ቆዪ፣ ስትጨርሺ ትልኪላታለሽ» አልኳት። ይህንንም እኔ ነኝ ያልኩት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ስንበላ ከክፍሏ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። እናቷ ሻይ ቀዳችላት፤ አልነካችውም።

«ነፋሱ ምንም አያደርገውም ማለት ይቻላል» አለች። «ብቻውን ሲሆን መስመሩ ሳይወርድ አግድም ነው የሚሄደው። ኮከቡ ዕድሜውን ሙሉ ቢነፍስበትም የፕላኔቱ ቀን ከቁጥር የሚገባ አይረዝምም። ያዘገየው ስበቱ ነው። ይዞት ይዞት፣ አንድ ፊቱን ብቻ ወደ ኮከቡ እስኪያዞር ድረስ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ እኮ እቴቴን ያቆምሻት። ፀጉር ማድረቂያው አይደለም። እዚሁ ሳሎን ውስጥ አይቼው ነበር።»

ባለቤቴ ልጇ የምትለው አልገባትም ነበር። እኔ ግን ገባኝ። የዚያን ዕለት «አዎ ነው፣ አይደለም?» ብዬ ባላቋርጣት ኖሮ ልትለው የነበረው ይኸው ነው።

ወደ ዴንቨር እኔ ነኝ የነዳሁላት። መኪና ውስጥ ጠበቅኋት። ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ አታለቅስም ነበር፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቀበቶዋን አሰረችና አስተማሪዋ ያለቻትን ነገረችኝ። «አላውቅም ብትዪኝ ኖሮ ጥሩ ነው፣ ሂጂና ሞክሪው እልሽ ነበር። በማግሥቱ መጥተሽ ብትነግሪኝም እንስቅ ነበር። አሁን ግን አራተኛ ቀን ነው፤ ኢሜይሌንም ዝም ብለሽዋል። አምስት ዓመት አብሬው ለምሠራው ሰው አየሁት ሲለኝ እንዳየው ማመን አለብኝ።» ሥራዋን አርማ ዲግሪዋን ትወስዳለች፤ ነፋሱ አያዘገየውም የሚለውም በራሱ ውጤት ነው አለቻት። ቦታው ግን የለም።

በማግሥቱ ብትነግራት አስተማሪዋ ትረዳት ነበር ካላችሁ፣ በማግሥቱ አትሂጂ ያላት ማን ነው? ይህን ስታሰሉ እኔንም አስቡኝ።

ከዚያ ሌላ ስሕተት ጨመርኩ። አንድ ሰው ሲቀየም ሽማግሌ ይላካል፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው። ለልጄ ሳልነግር አበልጃችንን ይዤ ወደ አስተማሪዋ ቢሮ ሄድኩ። አበልጃችን ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። አስተማሪዋ ከወንበሯ ተነሥታ እጄን ጨበጠችኝ። የሁለተኛው ጊዜ ይህ ነው። ልጄ አጥፍታለች፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፣ ይቅር በያት አልኩ። በትሕትና ሰማችኝ። ስለ አንድ ተማሪ ከወላጅ ጋር እንድትነጋገር ደንቡ እንደማይፈቅድላት፣ ልጄም ትልቅ ሰው እንደሆነች ነገረችኝ። ዳቦውንም አልተቀበለችም፤ እንዳይከፋን ተጨንቃ ነው ያልተቀበለችው፣ አየሁት።

ልወጣ ስል ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ስለ እሷ አይደለም፣ ስለ ራሴ ልንገርህ። እኔ በቀን አሥር ጊዜ አላውቅም እላለሁ። ሥራዬ እሱ ነው።»

ደረጃውን ስንወርድ አበልጃችን «ምን አለች?» አሉኝ።

«በቀን አሥር ጊዜ አላውቅም እላለሁ አለች።»

«ታዲያ በምን ፕሮፌሰር ሆነች?»

መውረዴን ቀጠልኩ። ሁለት ደረጃ ወረዱና ቆሙ፣ ዳቦውን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዘዋወሩ። «በዚሁ ነዋ» አሉ።

ልጄ መሄዴን የሰማችው ከአስተማሪዋ ነው፤ ቤተሰብሽ መጥቶ ነበር ብላ ጽፋላት። ያን ቀን ማታ ሳይሆን በማግሥቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ መኪና ሳጥብ መጣች።

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?»

መልስ ፈለግኩ። ልረዳሽ ብዬ ነው ልል ነበር፤ እውነት አይደለም፣ ወይም ሙሉ እውነት አይደለም። ራሴን ነጻ ላወጣ ሄጄ ይሆናል። አስተማሪዋ ዘንድ ጥፋቱ የእኔ ነው ስል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጥፋትን በሚያምር አፍ መናገርም ያኮራል። ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ከተትኩ። ከዕቃ አጣቢነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺ ቃል ከአፌ ወጣች።

«እንጃ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ትስቅልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«በዚህ ቤት እንጃ የለም» አለችና ገባች።

በዚያው ወር ካፒቶል ሂል አፓርታማ ተከራየች፣ እኔ ጀምሬ ከነበረበት መንገድ ብዙም ሳይርቅ። ዲግሪዋን ወሰደች። አሁን አውሮራ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የሐኪሞችን ቀጠሮ በኮምፒውተር ታደራጃለች። ሥራ ነው፤ ሥራን አልንቅም። እሑድ እሑድ አንዳንዴ ትመጣለች። ሥራ እንዴት ነው? ጥሩ ነው። ጤናሽስ? ጥሩ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት አታመለክቺም? አየዋለሁ። መልሷ ሁሉ ፈጣን ነው፣ ቀና ያለ ነው፣ እንዳሠለጠንኳት ነው። ለእናቷ ማእድ ቤት ገብታ የምታወራው ሌላ ነው፤ በሩ ገርበብ ሲል ድምጿ ብቻ ይመጣልኛል። ኮከቡ አጠገብ ተይዞ የቀረው ፕላኔት አንድ ፊቱን ብቻ እንደሚያሳይ ነግራን ነበር። እኔም የማየው አንዱን ፊቷን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አላውቅም ሲላችሁ ንቆኛል ብላችሁ አትቆጡ። አምኗችኋል ማለት ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፣ ማንም አላስተማረኝም። እኔም የተማርኩት ልጄን ከፍዬ ነው።

እንግዲህ የሁላችንንም ሒሳብ ልዝጋው። አስተማሪዋ ሁለት ዓመት ያሠለጠነቻትን ተማሪ አጣች፤ ያ ቦታ በዚያ ዓመት ባዶውን ከረመ ሲሉ ሰምቻለሁ። አበልጃችን ከዚያ ወዲህ ያ ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ «አሁን ማን ያሽከረክረኛል?» ይላሉ፣ ወንበሩም ጥግ ላይ ልብስ ተቆልሎበታል። ባለቤቴ እሑድ አራት ሳህን ትዘረጋና አንዱን መልሳ ታነሣለች። «ያኔ ነግሬህ ነበር» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር፣ ግን አንድ ጊዜ ብላዋለች። ልጄ አምስት ዓመቷን አጣች፣ ከአምስቱ በኋላ ይመጣ የነበረውንም፤ ያ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ እንጃ። እኔ «አባዬ፣ ጁፒተር ለምን ይፈጥናል?» ብላ የምትጠይቀኝን ልጅ አጣሁ። ሲደመር ይህ ሁሉ ነው፤ የተከፈለውም አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጫማዋ የት እንዳለ አላውቅም እንዳትል ነው።